አሮጌውን ራውተር ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት፦ በቤት ውስጥ የኬብል ኔትወርክ ለመዘርጋት የሚረዳ መመሪያ

ሳሎን ውስጥ ዋይፋዩ ሙሉ ነው። መኝታ ቤት ሲገባ አንድ መስመር ትቀራለች። ሰርቪስ ቤት ያለው ተማሪ ደግሞ ስልኩን መስኮት ላይ ካላስደገፈ ትምህርቱ አይከፍትለትም። በየወሩ የሚከፈለው ግን ያው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ወይ ፓኬጁን ከፍ ያስደርጋል፣ ወይ ብዙ ብር አውጥቶ አዲስ ራውተር ይገዛል። ፓኬጅ ከፍ ማድረግ ግን ግድግዳ አያሳልፍም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ከውጭ በሚገባው መስመር ላይ ሳይሆን ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ባለው መንገድ ላይ ነው።

በሌላ በኩል ቁም ሳጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር አቧራ የጠጣ ራውተር የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። መስመር ወደ ፋይበር ሲቀየር የተተወ የድሮ የስልክ መስመር ሞደም፣ ከቢሮ የተረፈ ስዊች፣ ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው ራውተር… እነዚህ ዕቃዎች ጥቂት ሜትር ኬብል ከተጨመረላቸው ቤቱን በሙሉ ማዳረስ ይችላሉ። በውስጥ መስመር ይህን በተመለከተ ለሚጠይቁን ተከታታዮቻችን ሁሉንም በአንድ ቦታ ሰብስበነዋል። ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት።

1. መጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ እወቁ

ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ። ላፕቶፕ በኬብል ከዋናው ራውተር ጋር አገናኙና ፍጥነቱን ለኩ። ከዚያ በዚያው ሰዓት ችግር ባለበት ክፍል ሆናችሁ በዋይፋይ ለኩ። በኬብል ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ ከወደቀ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነ ግን ችግሩ ከሚገባው መስመር ወይም ከዋናው ራውተር ስለሆነ ምንም ያህል ኬብል ብትዘረጉ አይፈታም። አገልግሎት ሰጪያችሁን አነጋግሩ።

2. ለምን ኬብል?

ዋይፋይ ሬዲዮ ነው። ብረት ያለበት የኮንክሪት ግድግዳ፣ ሶሌታ እና ቆርቆሮ ሬዲዮን ያዳክማሉ። በዚያ ላይ በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ ተራ እየጠበቁ ነው የሚያወሩት፤ የጎረቤት ራውተር ሳይቀር ወረፋው ውስጥ አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ማታ ዋይፋይ የሚንቀራፈፍበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ኬብል ግን ለሁለቱ ጫፎች ብቻ የተሰጠ መንገድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ይልካል፣ ይቀበላል። ቴክኖሎጂው ኢተርኔት ይባላል፣ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ውስጥ ነው። ከ50 ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ከባንክ ሰርቨር እስከ ሱቅ ካሜራ የሚሠራው እሱ ነው።

ሐሳቡ ዋይፋይን መተው አይደለም። ከቦታ ቦታ የማይንቀሳቀሰውን (ቲቪ፣ ዴስክቶፕ፣ ካሜራ) በኬብል ማገናኘት፣ ለስልክና ለላፕቶፕ ደግሞ በኬብል የሚመገብ ሁለተኛ ዋይፋይ ራቅ ያለው ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ዋይፋይን “የሚያራዝመው” ትንሽ ዕቃ የተዳከመውን ምልክት ተቀብሎ መልሶ በአየር ስለሚልክ ፍጥነቱን ብዙውን ጊዜ በግማሽ ይቆርጠዋል። በኬብል የሚመገብ ራውተር ይህ ችግር የለበትም።

3. ራውተር እና ስዊች አንድ አይደሉም

ስዊች ማለት ለኔትወርክ እንደ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ነው። አንድ ኬብል ይገባል፣ በአራት ወይም በሰባት ፖርት ይወጣል። ተራው ስዊች ሴቲንግም ፓስወርድም የለውም፤ ሰክቶ መጠቀም ነው።

ራውተር ግን በውስጡ ብዙ ሥራ አለው። ከውጭ የመጣውን ኢንተርኔት ይቀበላል፣ ለእያንዳንዱ ስልክና ኮምፒውተር አድራሻ ያድላል፣ ዋይፋይ ያሰራጫል፣ ከጀርባው ደግሞ ትንሽ ስዊች አለው። ቢጫ ወይም ጥቁር ሆነው የተደረደሩት አራቱ የላን ፖርቶች ማለት ነው። ለብቻው የተለየው ዋን ፖርት የውጭው መስመር መግቢያ ነው። በድሮ የስልክ መስመር ሞደሞች ላይ ደግሞ በዋን ፋንታ ጠበብ ያለ የስልክ ሽቦ ፖርት አለ።

አድራሻ የማደሉ ሥራ ዲኤችሲፒ ይባላል። አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ በአንድ ቤት ኔትወርክ ውስጥ አድራሻ አዳይ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ሁለት ከሆኑ አንዱ ስልክ ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ እየወሰደ ግማሹ ቤት ኢንተርኔት ያጣል። አሮጌ ራውተር ዝም ብሎ ሰክቶ “ይባስ አበላሸው” የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ የገጠመው ይህ ነው።

4. ዕቃውን መምረጥ

ራውተር፦ ከላን ፖርቶቹ ቢያንስ ሁለቱ ከሠሩ በቂ ነው። አሮጌዎቹ ባብዛኛው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ያስተላልፋሉ። የቤታችሁ ፓኬጅ ከዚያ በታች ከሆነ ለኢንተርኔት ምንም አያጎድልባችሁም። ልዩነቱ የሚታየው በቤት ውስጥ ፋይል ስትላላኩ ነው፤ 1 ጊጋባይት ፊልም በ100 ሜጋቢት መስመር አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲወስድ በጊጋቢት መስመር 10 ሰከንድ አካባቢ ይበቃዋል።

ስዊች፦ ባለ 5 ወይም ባለ 8 ፖርት ተራ ስዊች ለቤት ይበቃል። ጊጋቢት ከሆነ መሃል ላይ አድርጉት፣ 100 ሜጋቢት የሆኑትን ወደ ጫፍ ግፏቸው። ቀርፋፋው ዕቃ መሃል ላይ ከተቀመጠ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ በሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው።

ኬብል፦ ካት-5ኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ ጊጋቢት ይሸከማል። ስለዚህ ለተራ ቤት በቂ ነው። ካት-6 ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ይመረጣል። ገበያ ላይ የምትጠነቀቁት ከውጭ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነውን ነው። ቀላልና ርካሽ ነው፣ ግን በቀላሉ ይሰበራል፣ ርቀት ላይም ያስቸግራል። ሻጩን አንድ ሽቦ አስልጣችሁ በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡ ብርማ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፣ ቀይ ሆኖ ከቀጠለ መዳብ ነው።

አዳፕተር፦ አሮጌ ራውተር መጀመሪያ የሚጠፋበት አዳፕተሩ ነው። ሌላ ስትፈልጉ ቮልቱ እኩል ይሁን (9 ከሆነ 9፣ 12 ከሆነ 12)፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን፣ የፕላስና ማይነስ ምልክቱም ይመሳሰል። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ “100-240” የሚል መኖሩን እዩ። 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል። ምናለሽ ተራም ሆነ ሰፈር ካለ ጥገና ቤት አዳፕተር ስትገዙ ራውተሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው አስበርታችሁ ተቀበሉ።

5. አሮጌውን ራውተር ማዘጋጀት

ይህን ሥራ ከዋናው ኔትወርክ ጋር ሳታገናኙት፣ ለብቻው አስቀምጣችሁ ሥሩ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ሀ) ኮረንቲ ሰጥታችሁ ሪሴት የሚለውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ወይም በወረቀት መያዣ ሽቦ መብራቶቹ እስኪቀያየሩ ድረስ ተጭናችሁ ያዙ። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይወስዳል። የድሮው ሴቲንግ ሁሉ ይጠፋል።

ለ) ላፕቶፕ ከላን ፖርቶቹ በአንዱ በኬብል አገናኙ። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ። ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ (192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 የሚመስል) ብራውዘር ላይ ጻፉና ግቡ።

ሐ) የመግቢያውን ፓስወርድ ወዲያው ቀይሩ።

መ) የራውተሩን የራሱን የላን አድራሻ ቀይሩ። መጀመሪያ ግን የዋናው ራውተር አድራሻ ስንት እንደሆነ እወቁ። ስልካችሁ ላይ የዋይፋዩን ዝርዝር ስትከፍቱ “ጌትዌይ” የሚለው እሱ ነው። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ አሮጌውን 192.168.1.2 አድርጉት። ይህ ቁጥር ዋናው ራውተር ለስልኮች ከሚያድላቸው መካከል መሆን የለበትም። ዋናው ከ2 እስከ 254 ያለውን ሁሉ የሚያድል ከሆነ የዋናው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከ20 እንዲጀምር አድርጉ፤ ከ2 እስከ 19 ያለው ለእናንተ ዕቃዎች ይቀራል።

ሠ) አድራሻው ሲቀየር ገጹ ይቋረጣል። ኬብሉን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩና በአዲሱ አድራሻ ግቡ። አሁን የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ አስተካክሉ። እንደ ዋናው አንድ ዓይነት ስምና ፓስወርድ ብትሰጡት ስልካችሁ ከክፍል ክፍል ስትሄዱ ራሱ ይቀያይራል። ቻናሉን ግን ለዩት። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ዋናው 1 ላይ ከሆነ ይኼ 6 ወይም 11 ይሁን።

ረ) በመጨረሻ ዲኤችሲፒን አጥፉና ሴቭ አድርጉ።

ሰ) አሁን ከዋናው ራውተር ላን ፖርት የሚመጣውን ኬብል አሮጌው ራውተር ላን ፖርት ላይ ሰኩ። ዋን ላይ አይደለም፤ ላን ከላን። ዋን ፖርቱ ባዶውን ይቀመጥ። የተረፉትን ላን ፖርቶች እንደ ስዊች ትጠቀሙባቸዋላችሁ።

አዳዲሶቹ ራውተሮች “አክሰስ ፖይንት ሞድ” የሚባል ምርጫ አላቸው። ካለው እሱን ምረጡ፣ ከላይ ያለውን አብዛኛውን በራሱ ይሠራላችኋል።

6. ኬብሉን መዘርጋት

የተዘጋጀ ኬብል ቀዳዳ ውስጥ ለማሳለፍ ስለማይመች ብዙ ሰው ባዶውን አሳልፎ ጫፉን በኋላ ያስራል። የሚያስፈልገው አርጄ-45 ኮኔክተር እና የመጭመቂያ ፒንሳ ነው። ኮኔክተሩን ምላሱ ወደ ታች፣ የኬብል መግቢያው ወደ እናንተ አድርጋችሁ ስትይዙት ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ቀለም ይህ ነው፦

1 ነጭ-ብርቱካናማ
2 ብርቱካናማ
3 ነጭ-አረንጓዴ
4 ሰማያዊ
5 ነጭ-ሰማያዊ
6 አረንጓዴ
7 ነጭ-ቡናማ
8 ቡናማ

ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው 1፣ 2፣ 3 እና 6ን ብቻ ነው፤ ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ጊጋቢት መሆን የነበረበት መስመር 100 ላይ ከቆመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያልተጨመቀ ወይም የተቆረጠ ሽቦ ነው።

የኔትወርክ ኬብልን ከ220 ቮልት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ አታሳልፉ። አንደኛ ሲግናሉን ይረብሸዋል፣ ሁለተኛና ዋናው ደግሞ ሽቦው ቢላጥ ኮረንቲው እስከ እጃችሁ ይመጣል። በሹል ማዕዘን አትጠፉት፣ በሚስማር አትምቱት፣ የበር ሥር አታስረግጡት። ተከራይ ከሆናችሁ ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት አከራያችሁን አስፈቅዱ፤ በኮርኒስ ጠርዝ ወይም በግድግዳው ግርጌ በፕላስቲክ መሸፈኛ መሄድም ይቻላል፣ ሲለቁም ይነሳል።

ከቤት ወደ ቤት በግቢ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ለውጭ የተሠራውን ጥቁር ኬብል በፕላስቲክ ቱቦ አድርጉ። ተራው ግራጫ ኬብል ፀሐይ ላይ ሽፋኑ ይሰነጣጠቅና ውኃ ያስገባል። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉት፤ መብረቅ በቅርብ ሲወርድ በመዳብ ኬብል የሚገባው ኃይል ሁለት ቤት ያለ ዕቃ በአንዴ ሊያቃጥል ይችላል። አቅም ካለ በሁለት ቤት መሃል ፋይበር መጠቀም ይሻላል፣ ፋይበር ኮረንቲ አያስተላልፍም።

7. አንድ ግቢ እንደ ምሳሌ

ዋና ቤት፣ ከኋላ ሦስት ክፍል ሰርቪስ፣ መሃላቸው 25 ሜትር ያለበትን ግቢ እንውሰድ። ዋናው ራውተር ሳሎን ነው። ከሱ ላን ፖርት አንድ ኬብል ወጥቶ እዚያው አጠገብ ያለ ባለ 5 ፖርት ስዊች ውስጥ ይገባል። ከስዊቹ አንዱ ወደ ቲቪ፣ አንዱ መኝታ ቤት ወዳለው ዴስክቶፕ፣ አንዱ በግቢው አልፎ ወደ ሰርቪስ ይሄዳል። ሰርቪሱ ውስጥ የሚቀበለው የተዘጋጀው አሮጌ ራውተር ነው። ዋይፋይ ይሰጣል፣ በተረፉት ላን ፖርቶች ደግሞ የተማሪውን ላፕቶፕ በቀጥታ ያገናኛል። የተገዛው ኬብልና ጥቂት ኮኔክተር ብቻ ነው።

ማወቅ ያለባችሁ ግን በዚህ አሠራር ሁሉም በአንድ ኔትወርክ ላይ ነው። የአንዱ ፕሪንተርና ሼር የተደረገ ፎልደር ለሌላው ሊታይ ይችላል። በቤተሰብ መካከል ችግር የለውም። አከራይና ተከራይ ወይም የማይተዋወቁ ተከራዮች ከሆናችሁ ግን የራስ ግላዊነት የሚፈልገው ሰው የራሱን ራውተር በዋን ፖርቱ ያገናኝ፣ ዲኤችሲፒውን አያጥፋ፣ የላን አድራሻውንም ለምሳሌ 192.168.5.1 ያድርገው። ያኔ የሱ ዕቃዎች ከውጭ ካለው የግቢ ኔትወርክ ይሸሸጋሉ። ኢንተርኔት ለመጠቀም ችግር የለውም፤ አንዳንድ ጌሞችና ከውጭ የሚከፈቱ ካሜራዎች ግን ሊያስቸግሩ ይችላሉ።

8. መብራት ሲጠፋ

ዋናውን ራውተር ብቻ ባትሪ ላይ አድርጎ ስዊቹን መርሳት የተለመደ ነው። ኬብሉ የሚያልፍበት እያንዳንዱ ዕቃ ኮረንቲ ይፈልጋል። ፍጆታው ትንሽ ነው፤ 12 ቮልት 1 አምፔር የሚል ራውተር ቢበዛ 12 ዋት፣ ትንሽ ስዊች ጥቂት ዋት ነው የሚበላው። ሁለቱ ተደምረው 15 ዋት ቢሆኑ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ወረቀት ላይ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ (ባትሪው እንዳይጎዳ) ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ያቆያችኋል። ራውተሩን ባትሪ ላይ በቀጥታ ከማሰር ግን ለራውተር የተሠራውን ትንሽ ዩፒኤስ መጠቀም ይሻላል፤ ባትሪ ቻርጅ ላይ ሲሆን ቮልቱ ከ12 በላይ ይወጣል።

9. አልሠራም ሲል

የስዊቹ መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ እንደ እብድ ቢንጨባረቁና ቤቱ በሙሉ ኢንተርኔት ቢያጣ፦ አንድ ኬብል ሁለቱም ጫፉ እዚያው ኔትወርክ ላይ ተሰክቷል ማለት ነው። መረጃው ዙሪያ ጥምጥም ይዞራል። አንድ በአንድ እየነቀላችሁ የትኛው ሲነቀል እንደሚረጋጋ እዩ።

አንዳንዱ ስልክ ሠርቶ አንዳንዱ “ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም” ቢል፦ ሁለተኛ አድራሻ አዳይ አለ። የአሮጌውን ዲኤችሲፒ ማጥፋታችሁን እንደገና አረጋግጡ።

ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ከያዘ፦ ከራውተሩ ምንም አድራሻ አልደረሰውም። ኬብሉን ወይም ፖርቱን ቀይሩ።

ፖርቱ ላይ ምንም መብራት ከሌለ፦ ሴቲንግ ውስጥ አትግቡ፤ ችግሩ ኬብል፣ ኮኔክተር ወይም ኮረንቲ ነው።

10. አሮጌ ዕቃ፣ አሮጌ ቀዳዳ

አምራቾች ለቆዩ ራውተሮች የደህንነት ማሻሻያ መልቀቅ ያቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ፋብሪካ የሰጣቸውን ፓስወርድ ያልቀየሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በገፍ እየያዘ ትልልቅ ድረ-ገጾችን ለሰዓታት አስተጓጉሏል። ባለቤቶቹ ዕቃቸው ለጥቃት ማዋሉን እንኳ አያውቁም ነበር።

ስለዚህ አሮጌውን ዕቃ ከዋናው ራውተር ጀርባ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ከውጭው መስመር ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው ማሻሻያ የሚደርሰው ዕቃ ይሁን። ከርቀት የመግቢያ ምርጫ ካለው አጥፉ። ዋይፋዩ ላይ “ደብሊው ፒ ኤ 2” ወይም ከዚያ በላይ ምረጡ። “ዌፕ” ከሚባለው ሌላ የማያውቅ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሰበር ስለሆነ ዋይፋዩን ዝጉና ራውተሩን እንደ ስዊች ብቻ አገልግሉበት። ለሰው ከሰጣችሁት ወይም ለቆራሌው ከሸጣችሁት ደግሞ አስቀድማችሁ ሪሴት አድርጉት፤ የመስመራችሁ መግቢያና የዋይፋይ ፓስወርዳችሁ ውስጡ ተቀምጧል።

ሁሉን ካጠናቀቃችሁ በኋላ በየራውተሩ ላይ አድራሻውን፣ በየኬብሉ ጫፍ ላይ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ። የሠራው ሰው ቤት በሌለበት ቀን አንድ ነገር ሲቋረጥ እናት ወይም ታናሽ ወንድም “ሰርቪስ” የሚለውን ነቅሎ መልሶ መሰካት ይችላል። የተቸገራችሁበት ደረጃ ካለ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ የራውተሩን ሞዴል ጨምሩበት፣ ፓስወርዳችሁን ግን እንዳትጽፉ።